ሃይፐር እና በቃላ

ትናንት አንድ ወጣት ባልደረባዬ የጻፈውን የጤና ዜና ሳርም፣ "ሃይፖ" መሆን ያለበትን "ሃይፐር" ብሎት አገኘሁ። ጠርቼ አሳየሁት። "ጋሼ፣ ለዚች ፊደል ነው?" አለኝ። አዎ፣ ለዚች ፊደል።

በ2007 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ወጣት ሳለሁ፣ ሪያድ፣ ነሲም የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነበርኩ። ዘይነባ የምትባል የወሎ ልጅ እዚያው ቤት ትሠራለች። ኢቃማዋን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ለማሳደስ ክሊኒክ ተመረመረች። የክሊኒኩ ጸሐፊ ለቤቱ እመቤት፣ ለማዳም፣ በስልክ "የደም ግፊት አለባት" አላቸው። እዚያም እንደ እኛ አገር፣ ግፊት ከተባለ የሚታሰበው ከፍተኛው ነው። በዚያው ቀን ከዘይነባ ሰሃን ጨው ጠፋ።

ሁለት ሳምንት አልጫ ሩዝ በላች። ደረጃ ስትወጣ ዓይኗ ይጨልምባት ጀመር። አንድ ቀትር ላይ ከነባልዲዋ ወደቀች። አሠሪያችን፣ ባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ "ኸላስ፣ በቃ፣ አገሯ ትግባ" አሉ። በደመወዟ የምታሠራው የእናቷ ቤት ጣራ ገና ቆርቆሮ አልለበሰም ነበር።

መወልወያ ጨርቅ ፍለጋ የመኪናውን መሳቢያ ስከፍት፣ ማዳም የረሱትን የክሊኒክ ወረቀት አገኘሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ቃል በ"ሃይፖ" ይጀምራል።

"ዘይነባ፣ የቱን ግፊት ነው ያሉሽ?"

"ወይ ጉድ! ግፊት ግፊት ነው ወንድሜ፣ ዘር አለው እንዴ?"

ነበረው። የባዮሎጂ አስተማሪያችን "ሃይፖ ከታች፣ ሃይፐር ከላይ" እያሉ ጠረጴዛ ይደበድቡ ነበር። ከግሪክ የመጣ ነው፤ የአውሮፓ ሐኪሞች በየቋንቋቸው ወርሰውታል። ትዝታዬን ብቻ ግን አላመንኩም። ክሊኒኩ ሄጄ ሱዳናዊውን ዶክተር ጠየቅሁ። "ዝቅተኛ ነው። ጨው ማን ከለከላት?" ብሎ ወረቀቱ ላይ ማኅተም መታበት።

ባባ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ዐረብኛ "ፐ" የለውም። ቃሉ "ሃይፐር" መስሏቸው "ሃይበር! ይኸው ጽፎታል" አሉ።

"ባባ፣ ሃይፐር የምትሉት ትልቁን የገበያ አዳራሽ ነው፣ አይደል?"

"አዎ።"

"ይህ ሃይፖ ነው። በቃላ ማለት ነው።"

በቃላ የሚሉት ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ሱቅ ነው። ባባ እስኪያስላቸው ሳቁና ወደ ጓዳ ተጣሩ፦ "ልጅቷ በቃላ ናት! ያላ፣ ጨው አምጡ!"

ዘይነባ ለበን የሚሉትን ቀጭን እርጎ ጨው ነስንሳበት በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። በሳምንቱ ባልዲዋን ይዛ እየዘፈነች ደረጃውን ወጣች። ኢቃማዋም ታደሰ።

ዛሬ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከእናቷ ቆርቆሮ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ አላት። ባለፈው የሱቋን ፎቶ ላከችልኝ። ማስታወቂያው "ዘይነባ ሃይፐር" ይላል።

"እህቴ፣ ይህቺ እኮ በቃላ ናት" አልኳት።

"ተወኝ ወንድሜ፣ ዝቅ ብዬ የኖርኩት ይበቃኛል!"

የባልደረባዬን ዜና አረምኩ። የሷን ማስታወቂያ ግን አልነካሁም።