የእትዬ መኪና እስክትመጣ

ታላቅ እህቴን ስትሮክ ከመታት በኋላ ቀኝ እጇ አልታዘዝ አለ። ሳውዝ ሲ የሚባለው ሰፈር፣ እኔ ቤት ነው የምትኖረው፤ እትዬ ነው የምላት። እጇን የሚያሠራት የሕክምና ባለሙያ፣ በእነዚህ ጥቂት ወራት ጣቶቿ ካልተንቀሳቀሱ፣ ኋላ እንደሚያስቸግሩ ነገረን። በተለይ አውራ ጣቷ። እየጨመቀች እንድትለማመድ የላስቲክ ኳስ ሰጣት። እትዬ ኳሱን በግራ እጇ አገላብጣ አየችውና፣ ባለሙያው እስኪወጣ ጠብቃ፣ "ስንት ዓመቴ መሰለው?" አለችኝ። ኳሱ ሶፋ ሥር ገባ።

የተስማማችው በመኪና ውድድር ጌም ብቻ ነው። ኢስሊ ገበያ ያገለገሉ የጌም ማሽኖች የሚሸጥ አንድ የሞያሌ ነጋዴ አለ፤ አሮጌ ማሽን ከፍቶ፣ በሲዲ ፋንታ ከፍላሽ እንዲያነብ አድርጎ ሸጠልኝ። በሁለት እጅ በሚያዘው መያዣ ላይ መኪናዋን የሚነዳው ቁልፍ በቀኝ አውራ ጣት ነው የሚጫነው። የፈለግነውም ይኸንኑ ነበር።

ችግሩ መጠበቁ ነው። ውድድር በተጀመረ ቁጥር ማሽኑ ጌሙን ከፍላሹ እስኪያነብ ድረስ ጥቁር ቴሌቪዥን ፊት እንቀመጣለን። ሰዓት ይዤ ለካሁት፤ ሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰኮንድ። የእትዬ ትዕግሥት አንድ ደቂቃ ተኩል ነው፤ እሱንም ለክቻለሁ። ከዚያ መያዣውን ጭኗ ላይ ትጥለውና፣

"ይቺ መኪና በመርከብ ነው እንዴ የምትመጣው? ሞምባሳ ደርሳለች?" ትላለች።

መኪናዋ ስትመጣ እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ስለሆነ፣ የማላውቀውን ነገር ሁሉ ከመጀመሪያው ገጽ እጀምራለሁ። ደብተር ገዛሁና አሰመርኩት፤ ቀን፣ ጌም፣ የፈጀው ጊዜ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፍላሹን ነው። ዌስትላንድስ ሄጄ ከሁሉም ይፈጥናል የተባለውን ገዛሁ። ሦስት ሰኮንድ ተሻለ። ቀጥሎ ማጽዳት ያዝኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ ያልወደደቻቸውን ጌሞች ከፍላሹ አጠፋለሁ፣ በእነሱ ቦታ ሌላ እጭናለሁ። የመጽሐፍ መደርደሪያዬንም የማስተካክለው ቅዳሜ ነው። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ መጠበቁ አራት ደቂቃ ደረሰ። አራተኛው ላይ ማሽኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

በዚያ ሳምንት ባለሙያው መጥቶ እጇን ያዘና፣ "ይህ እጅ ሰሞኑን አልሠራም" አለ።

እትዬ ወደ እኔ ጠቆመች። በግራዋ።

ማሽኑን በዘንቢል ይዤ ሁለት ማታቱ ተሳፍሬ ኢስሊ ደረስኩ። ነጋዴው መጀመሪያ ደብተሩን ተቀብሎ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ እስከ መጨረሻው አነበበ። እንዲህ የሚያነብልኝ ሰው ብዙ የለኝም።

"እህቴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን አደረግሽ?"

"አስተካከልኩ።"

"ማን አስተካክይ አለሽ?"

"ማንም።"

"እኔ ከዚህ በፊት ጨርቅ ነበር የምሸጠው" አለ። "መደርደሪያው ሞልቷል እንበል። ከእዚህም ከእዚያም ትንሽ ትንሽ ጨርቅ አወጣሽ። አሁን አንድ ትልቅ ጣቃ መጣ። የት ታስገቢዋለሽ?"

"የሚበቃው ቦታ የለም።"

"ፍላሽ ግን የለም አይልም። ቆራርጦ በየክፍተቱ ይወትፈዋል። ያንቺ ማሽን ደግሞ ሽማግሌ ነው፤ ቁርጥራጭ ሲለቅም ይውላል። በመጨረሻ ይሰለቸዋል።"

"አዲሱ ፍላሽስ?"

"የሚሰካበት ቀዳዳ ያው አሮጌው ነው። መንገዱ ጠባብ ከሆነ የመኪናው ፍጥነት ምን ያደርግልሻል?"

ይህን መመሪያው ላይ አላገኘሁትም አልኩት። መመሪያውን የጻፈው ሰው ቤት የሚያጸዳ አይመስለኝም አለኝ።

ማሽኑ ውስጥ ሃርድ ዲስክ ገጠመበት፤ ከቀዳዳው ይልቅ በዚያ በኩል በፍጥነት ያነባል። ባዶ በነበረው ዲስክ ላይ የመኪናውን ጌም በአንድ ጊዜ፣ ሙሉውን ጫነው።

"ከእንግዲህ መጽሐፍሽን አስተካክይ" አለኝ ሲያስረክበኝ። "ይህን ግን እንዳትነኪው። እንዳስቀመጥኩት ይቀመጥ።"

"አቧራውንስ?"

"ከላዩ ብቻ።"

እቤት ሠላሳ አንድ ሰኮንድ ፈጀ። እትዬ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበርና ውድድሩ ያለ እሷ ተጀመረ፤ መያዣውን ስታነሳ ሌሎቹ መኪናዎች ርቀው ጠፍተዋል። ቅር ብሏት እንደገና አስጀመረችኝ። በሁለተኛው ውድድር ቀኝ አውራ ጣቷን በግራ እጇ አንስታ ቁልፉ ላይ አስቀመጠችው፤ ግራውን ለቀቀች። ጣቱ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጥፍሩ ነጣ። መኪናዋ ተነሳች። ቀጥ ብላ ሄደች፣ መታጠፊያውም ላይ ቀጥ እንዳለች ግንቡ ጋ ደረሰች፤ እዚያም ተጋጭታ እያጓራች ቆመች። እትዬ ጣቷን አላነሳችም።

"ፍሬን ያዢ እንጂ፣ እትዬ።"

"ፍሬኑም የዚሁ ጣት ነው" አለች ዓይኗን ከግንቡ ሳታነሳ። "አንድ ሥራ ይጨርስ።"