የሚባረረው የትኛው ጥግ ነው?

አንድ ሰው በመሥሪያ ቤታችን አዳራሽ አራት ጥግ አራት ቀለም ወረቀት ሲለጥፍ ሳይ ነው እንጀራዬ ሊቆረጥ መሆኑ የገባኝ። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። እኔ ወለሉን እየወለወልኩ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ አሰልጣኝ ነው ተብሏል። በዚያ ሰሞን ሪፎርም የሚባል ነገር መጥቶ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ መደቡን ሊያጣ ነው እየተባለ አሰላ በሙሉ ጭንቅ ላይ ነበረች።

የጥበቃችን ሽማግሌ ከበሩ ላይ ሆነው አዩና፣ «ያ ረቢ!» አሉ። «ልጄ፣ ሦስቱ ጥግ ይባረራል፣ አንዱ ይቀራል። ሌላ ምን ይሆናል?»

«የሚቀረው የቱ ነው፣ አባባ?»

«እሱን ባውቅ እዚህ በር ላይ እቆም ነበር?»

ልጆቼን የማስተምረው በዚህ ደሞዝ ነው። እኔ ራሴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ከዚህ ከወጣሁ የሚጠብቀኝ በቆጂ፣ ወንድሜ ጋ ገብስ ማጨድ ነው።

አብራኝ የምታጸዳ ሴት አለች። ድምጿ የመናኸሪያ ረዳት ያስንቃል። «ባልዲ!» ስትል የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ። መልሼላት አላውቅም፤ አንድ ቀን ለኃላፊው ነግራ ታስወጣኛለች እያልኩ ነው የኖርኩት።

ሠራተኛው ተሰበሰበ። አሰልጣኙ፣ «ስትናደዱ የምትጮሁ ወደ ቀይ፣ የምትቀልዱ ወደ ቢጫ፣ ለማስታረቅ የምትሮጡ ወደ አረንጓዴ፣ ዝም የምትሉ ወደ ሰማያዊ» አለ።

ማንም ንቅንቅ አላለም። ሁሉም ኃላፊውን ያያል። እሳቸው ወደ አረንጓዴ ሄዱ፤ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ተከተለ። አሰልጣኙ ቅንድቡን ቢያነሳ ኃላፊው ደነገጡና ወደ ቢጫ ዞሩ፤ ሰውም አብሮ ዞረ። የሒሳብ ሹሟ አንድ ጫማ መሐል ቀረ። ጥበቃው ዱላቸውን ይዘው ከኋላ ይሮጣሉ፤ አንዱ ጋ ሲደርሱ ሰው ወደ ሌላው ሄዷል።

«እባካችሁ፣ ትክክለኛ ጥግ የሚባል የለም!» አለ አሰልጣኙ።

«አለቀልን! ሁላችንም ተባረርን!» አለ ሾፌሩ።

እኔ የቱ ጋ እንደምሮጥ ጠፍቶኝ፣ መወልወያዬን እንዳቀፍኩ ሰማያዊው ሥር ቀረሁ። ያቺ አብራኝ የምታጸዳዋ መሐል ቆማ ትጮኻለች፤ «አሁን የወለወልነውን! ይሄን ጭቃ ማን ሊጠርግ ነው?» ወደ ኃላፊው ዞረች፤ «ጋሼ፣ እርስዎም ጫማዎን ይዩት እንጂ!»

አሰልጣኙ ሳቀና ሁለታችንን ፊት ለፊት አቆመን። «እስኪ ተነጋገሩ።»

«ከሷ ጋር?» አለች። «ይቺ እኮ ትንቀኛለች። ስናገራት ግድግዳ ናት።»

«ፈርቼሽ ነው እንጂ!» ከአፌ አመለጠኝ።

«እኔን? እኔ ደግሞ ማንን አስፈራለሁ?»

አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። ኃላፊው ሳይቀሩ።

ዞራ አየቻቸው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አንቺዬ፣ እናቴ ጎበሳ ከተማ፣ ገበያ ላይ እየጮኸች ሸጣ ነው ያሳደገችኝ። እኛ ቤት ቀስ ብሎ የሚያወራ የታመመ ሰው ነው።»

«እኛ ቤት ደግሞ የሚጮኸው እሳት ሲነሳ ነው» አልኳት።

እሷን ካናገርኩ ማንን እፈራለሁ ብዬ ወደ አሰልጣኙ ዞርኩ። «ታዲያ የሚባረረው ማን ነው?»

አዳራሹ በሙሉ ወደ አሰልጣኙ ዞረ።

«ማንም አይባረርም! እኔ ስለ ጠባይ ላስተምር ነው የመጣሁት!»

መጀመሪያ የተቀመጡት ኃላፊው ናቸው፤ ላባቸውን ጠረጉ።

በማግስቱ፣ «ባልዲ!» አለች። አልሮጥኩም። «መጣሁ! ምን ያስቸኩልሻል!» ብዬ እኔም ጮህኩ። ጥበቃው እሳት የተነሳ መስሏቸው ሮጠው ገቡ።

እሳት የለም። ሥራዬ አለ፣ እሷንም አልፈራትም። ደህና ነኝ።