ጂንካ ማደሪያ ነበራት

«በደርግ ጊዜ ጂንካ ለእንግዳ ማደሪያ አልነበራትም።»

ዛሬ ሙዚየሙን አይቼ፣ ገበያውን ዞሬ የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ስደርስ አንድ አስጎብኚ ለቱሪስቶቹ እንዲህ ሲል ሰማሁት።

«ነበራት» አልኩት። «እኔ አድሬባታለሁ።»

ያኔ ዝናብ መንገድ ዘግቶብኝ ስንከራተት የማላውቃት የአሪ ሴት፣ እትዬ አስቴር፣ ቤቷ አስገባችኝ። የተቀቀለ ጎደሬ እንዳቀረበችልኝ የቀበሌ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ።

«ጸጉረ ልውጡ ይውጣ፤ ቀበሌ ይፈለጋል።»

እትዬ አስቴር በሩ ላይ ቆመች። «እንግዳዬ እየበላ ነው። ሲጠግብ እኔው አመጣዋለሁ።»

ሰውየው ደጅ ቆሞ ጠበቀ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ቀስ ብዬ በላሁ።

ከዚያ ቀበሌ አብራኝ ሄደች፤ ይዛኝም ተመለሰች።

ሆቴል አልነበረም በሉ፣ እሺ። ማደሪያ አልነበረም ግን አትበሉኝ።

እናንተስ? በዚያ ዘመን በር ላይ ማን ቆመላችሁ?