ስግደት ያልኩት ጂምናስቲክ

እስከ ዛሬ በዚያች ቃል እናደዳለሁ። በንጉሡ ዘመን ነው፤ ጀማሪ ነርስ ሆኜ ፍኖተ ሰላም ተመደብኩ። አከራዬ ጠላ ሻጭ ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ ጋኑ ሥር ተቀምጠው ለቡሬ መንገደኛ ይቀዳሉ። ደም ብዛት አለባቸው። ሐኪሙ «ውፍረት ካልቀነሱ አንድ ቀን ይጥልዎታል» ብሏቸዋል።

እኔም እሳቸውንና ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ማለዳ ማለዳ ግቢው ውስጥ አሰልፌ ጂምናስቲክ ላሠራ ተነሳሁ።

«ጂም ምን?» ብለው ሳቁብኝ። «የድሃ ጌጡ ገላው ነው፤ እሱንም ልትወስጂብን?» አሉ አከራዬ።

ጎንበስ ቀና በሉ ብል ማን ሰምቶኝ! ሲጨንቀኝ ጊዜ «በቃ፣ ስግደት በሉት!» አልኩ። ዐቢይ ጾም ነበርና ወዲያው ገባቸው። እንደ ኪራላይሶኑ አርባ አንድ ጊዜ ወድቀው ይነሳሉ፤ እኔ እቆጥራለሁ። ለሆሳዕና የአከራዬ መቀነት አንድ ዙር ጨመረ። ጠጪዎቹ «ምነው ከሱ? ታመሙ እንዴ?» እያሉ ሲያዝኑላቸው እኔ በደስታ አበድኩ።

ፋሲካ አልፎ ብወጣ ግቢው ባዶ ነው።

«እትዬ፣ ምነው ቀሩ?»

«አንቺ ልጅ፣ በበዓለ ሃምሳ ይሰገዳል እንዴ? የክርስቲያን ልጅ አይደለሽም?»

ክው አልኩ። እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን ሙሉ! ያውም ረቡዕና ዓርብ እንኳ ሥጋና ቅቤ በማይከለከልበት ወቅት።

«ስግደት አይደለም እኮ፣ ስፖርት ነው!»

«ስግደት ያልሽው አንቺው።»

ከወር በላይ ጨቅጭቄያቸው አልሆን ሲለኝ የንስሐ አባታቸውን ለምኜ አመጣሁ። «ይህ ለገላ ነው፤ ኃጢአት የለበትም» አሏቸው። አከራዬ አባን ሸኝተው ሲመለሱ ፈገግ አሉ። «አባ ይሉኝታ ይዟቸው ነው፤ እንዳታፍሪ ብለው።»

አይ ግትርነት! ንዴቴ አልበርድ ብሎኝ ሁለት ቀን ዘጋኋቸው። ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳልል በደጃቸው አልፋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጋኑ ሥር ወድቀው አገኘኋቸው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፤ አፋቸው ተጣሟል። ጎረቤት ተጠርቶ በቃሬዛ ስናወጣቸው በግራ እጃቸው ነጠላዬን ጨምድደው ያዙኝ። የሚሉት አልሰማ ቢለኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ጰራቅሊጦስ... ስንት ቀን... ቀረው?»

አሥራ ሁለት ቀን ነበር የቀረው። አልነገርኳቸውም።