ባለ ሦስት እግሩ ጎሽ ምን ያደርጋል?

ቅዳሜ ከሰዓት የኔ ሆነ። አባዬ የነገረኝ መኪናውን ፓርክ አድርጎ፣ ቁልፉን ገና ሳያወጣ ነው። “ቅዳሜ ከሳንቲሞችሽ ጋር ዋይ፤ አልጀብራው ለእሑድ ይሁን” አለና እንደ ተራ ነገር ወርዶ ሄደ። እኔ የመኪናውን ቀበቶ ሳልፈታ ልወርድ ስታገል ቆየሁ።

ነገሩ የጀመረው ከእሱ ኪስ ነው። አባዬ ቀን ይማራል፣ ማታ ሆሊውድ አንድ ሆቴል የእንግዳ መኪና ያቆማል። እንግዶቹ ጉርሻ የሰጡትን ዝርዝር ሳንቲም ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፈዋል፤ ጠዋት እኔ ኒኬሎቹን እለያለሁ። ኒኬል እዚህ አገር ባለ አምስት ሳንቲሙ ነው። አሮጌዎቹ በአንድ ፊታቸው የቀይ ሕንዳዊ ራስ፣ በሌላው ጎሽ አለባቸው። ሁሉም አንድ ይመስሉኝ ነበር። አንድ አለመሆናቸውን ያወቅሁት ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከኦሊምፒክ ጎዳና ማዶ ካለው የአሮጌ ሳንቲም ሱቅ ነው። ባለሱቁ ሽማግሌ አሜሪካዊ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ጥቂት ሰዎች ሰብስበው በአጉሊ መነጽር ሳንቲም ያሳያሉ።

ሳንቲም የሚመታበት ብረት አለ፣ “ዳይ” ይሉታል። ያው አንድ ብረት ብዙ ሳንቲም ይመታል፤ ሶ፣ ብረቱ ላይ እንከን ካለ ከሱ የወጣው ሁሉ ያንን እንከን ይዞ ይወጣል። ይህን ለእማዬ ሳስረዳት፣ “ዳይ መሞት አይደለም እንዴ? በጠዋቱ ቤቴ ውስጥ ሞት አትጥሪ” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ “ብረቱ” ነው የምለው።

ከሁሉ የወደድኩት ባለ ሦስት እግሩን ነው። በፈረንጅ 1937 ዴንቨር ባለው የመንግሥት ሳንቲም መምቻ አንድ ሠራተኛ ብረቱን ሊያጸዳ ሲፍቀው የጎሹን አንድ የፊት እግር አብሮ አጠፋው ይባላል። ሰኮናው መሬት ላይ ቀርቷል፣ እግሩ የለም። ታዲያ ዋጋው ውድ ስለሆነ ሌሎች ደግሞ ደህናውን ሳንቲም ወስደው እግሩን በሞረድ ይፍቁና “ይኸው ባለ ሦስት እግር” ይላሉ። ሁለቱን መለየት ነው ሥራው።

አባዬ ይህን ሥራ አላለውም። ቅዳሜን ለአልጀብራ ሊወስደው ፈለገ፤ እኔም አለቀስኩ ማለት አልወድም፣ ግን ምሳ አልበላሁም። በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፦ “ተማርኩ ካልሽ በአማርኛ ጻፊልኝ። በእንግሊዝኛማ ማንም ያወቀ ይመስላል። ጽሑፍሽን ብቻ ይዤ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ከለየሁ ቅዳሜ ያንቺ ነው። ካልለየሁ አልጀብራ።”

ጻፍኩ። ጥሩ ነበር፤ ይህን ስል አላፍርም። “የኋላ እግሩ ብል የበላው ይመስላል” የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። ዋናው ምልክት ግን ሌላ ነው፤ ከእውነተኛው ጎሽ ሆድ ወደ መሬት የሚወርድ የነጠብጣብ መስመር አለ። የሳንቲም ሰዎች ጎሹ ይሸናል ነው የሚሉት። እኔም እንደዚያው ጻፍኩ፤ እማዬ ከትከሻዬ በላይ እያነበበች ነበር።

“አባትሽ ሊያነበው ‘ይሸናል’ ብለሽ ትጽፊያለሽ?”

“እንስሳ እኮ ነው፣ እማዬ።”

“እንስሳው ይሽና። አንቺ አትጻፊው።”

ሰረዝኩና “ከሆዱ በታች ጥቂት ነጠብጣብ ይታያል” አልኩ። ጨዋ ዐረፍተ ነገር ነው።

ቅዳሜ ሽማግሌው ጨርቅ ዘርግተው ሁለት ኒኬል አስቀመጡ፣ ሁለቱም ባለ ሦስት እግር። አባዬ በአንድ እጁ ወረቀቴን፣ በሌላው አጉሊ መነጽሩን ይዞ አጎነበሰ። “ብል የበላው … ሁለቱም ተበልተዋል። ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ …” አለና ከሆዱ ሥር ዝገት ነቁጥ ነቁጥ ያደረገውን አነሣ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። የተሞረደው ነበር።

“ኦኬ” አለ አባዬ፣ “አልጀብራ።”

“አንድ ዐረፍተ ነገር ቀርቶኛል።”

“ፈተና ላይ ወረቀት ካስረከብሽ በኋላ ቀረኝ ይባላል?”

ሽማግሌው ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ነገርኳቸው። ሳቁና ለአባዬ በእንግሊዝኛ፣ እዚህ ሁሉም በዚያው ቃል እንደሚጠራው ነገሩት። አባዬ ወደኔ ዞረ።

“ታዲያ ለምን አልጻፍሽውም?”

“እማዬ ነውር ነው አለች።”

አባዬ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ጻፍኩ፦ “ጎሹ ቆሞ እየሸና ነው። ሽንቱ ከሆዱ ወደ መሬት በተርታ ይወርዳል። ነጠብጣቦቹ ጉብ ጉብ ያሉ ናቸው፤ የተቦረቦሩ ከሆኑ ዝገት ነው፣ ሽንት አይደለም።”

አንብቦ አጎነበሰ። ረጅም ጊዜ ቆየ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቼ አመመው ብዬ ነበር፤ እየሳቀ ነው። ሁለተኛውን ሳንቲም አንሥቶ ለሽማግሌው ሰጠ፤ እሳቸውም እጁን ጨበጡት።

“ጎሽ” አለ አባዬ።

አባዬ ሰው አያመሰግንም፤ መቶ ከመቶ ሳመጣ እንኳ “ሌሎቹስ ስንት አገኙ?” ነው የሚለው። ስለዚህ፣ “የትኛው ጎሽ?” አልኩት።

“የሚሸናው” አለ ወረቀቴን አጥፎ ኪሱ እየከተተ። “ሌላ ጎሽ እዚህ አለ?”

ቤት ደርሰን ያለኝን ከላይ ጽፌዋለሁ።

ሽማግሌው ስንወጣ፣ ክፍሉ ውስጥ ባዶ ወንበር ስላለ ለአገርሽ ሰዎች ንገሪ ብለውኛል፤ ይኸው ነገርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ራቅ ካለው ከቫን ናይስ በመኪና ለምትመጡ ከሱቁ ጀርባ መኪና ማቆሚያ አለ። ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ኒኬል ሳትመርጡ ይዛችሁ ኑ፤ አጉሊ መነጽር እዚያ አለ፣ እኔም አለሁ።