ከበቆሎ የወጣ እሳት

በዚያ የቡና ለቀማ ወቅት ቤንዚን ከጅማ ጠፋ። ሊሙ ገነት የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ቀይ ቡና የሚፈለፍልባት ትንሽ ሞተር ነበረችው፤ እሷም ቆመች። ተለቅሞ ያደረ ቀይ ቡና ደግሞ ይበላሻል። ደወለልኝ።

«አንቺ የኬሚስትሪ አስተማሪ አይደለሽ እንዴ? ከእህል ነዳጅ ይወጣል ብለሽ ራስሽ አልነገርሽኝም?»

ነግሬዋለሁ። በእጄ ሠርቼው ግን አላውቅም።

ነቀዝ የበላው ሁለት ጆንያ በቆሎ ጭኖ፣ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ወደተከራየሁበት ግቢ መጣ። የግቢው ባለቤት ሽማግሌ ሐጂ ናቸው። ሐሳባችንን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ ኸምር በእኔ ግቢ?»

«ለመጠጥ አይደለም ሐጂ፣ ለሞተር ነው።»

«ጠብታ ከሰው አፍ እንዳይደርስ!»

«አይደርስም።»

በቆሎውን አስፈጭተን፣ ዱቄቱን አገንፍተን፣ ብቅልና እርሾ ጨምረን በበርሜል ከደንነው። ከቀናት በኋላ ሽታው ጎረቤት ደረሰ። አረቄ ታወጣለች ተብዬ ልያዝ ነው እያልኩ፣ የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይል ነበር።

ድፍድፉን በትልቅ ድስት ከሰል ላይ አፍልተን፣ እንፋሎቱን እርጥብ ጆንያ በተጠቀለለበት ቱቦ እያቀዘቀዝን አጠራቀምነው። ደግመን አጣራነው፤ የቀረውን ውሃ እንዲመጥጥ ኖራ ጨምረን ወደ ጀሪካን መገልበጥ ጀመርን። ጀሪካኑ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወንድሜ የመጨረሻውን ሲገለብጥ ጥቂት ፈሰሰበት። ከሰሉ የጠፋ መስሎን ነበር።

«እጄ! እጄ!» እያለ ክንዱን መምታት ጀመረ።

እሳት የለም፤ ጢስም የለም። ንብ የነደፈው መሰለኝ። ወዲያው የክንዱ ፀጉር ሲኮማተር፣ እጅጌው ከጫፉ ሲጠቁር አየሁ። የአልኮል ነበልባል በፀሐይ ብርሃን ለዓይን አይታይም።

ሐጂ «ያ ረቢ!» ብለው ከበረንዳቸው ሮጡና እርጥቡን ጆንያ ከቱቦው ላይ ገፈው ክንዱን ጠቀለሉት።

እኔ ግን ከቆምኩበት መነቃነቅ አቃተኝ። የፈሰሰው እስከ የት እንደሄደ አላውቅም። እሳቱ እግሬ ሥር ይሁን፣ ጀሪካኑ አጠገብ ይሁን አይታየኝም። ከጎኔ የበቆሎ ገለባ ነበር፤ አፈስኩና ወደ ፊቴ በተንኩ። አልነደደም። አንድ እርምጃ ተራመድኩ። ደግሞ በተንኩ። በሦስተኛው ገለባው መሬት ሳይነካ ቦግ አለ፤ ከጀሪካኑ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት።

«ሐጂ፣ ውሃ!»

ባልዲ ይዘው ደረሱ። «የቱ ጋ?»

«እዚያ! ኧረ እንጃ፣ ሁሉም ጋ!»

እኔ ገለባ እበትናለሁ፣ እሳቸው ውሃ ይደፋሉ። ገለባው ወድቆ እንዲሁ እስኪቀር ድረስ አላቆምንም። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

የወንድሜን ክንድ ሆስፒታል አሳሰርን። በሦስተኛው ቀን አልሰማ ብሎኝ ጀሪካኑን ይዞ ሄደ። ሞተሯ ውስጥ ከቀረችው ጥቂት ቤንዚን ጋር ቀላቅሎ አስነሳት፤ አዲስ የተለቀመው ቡናም ተፈለፈለ። ድምጿን በስልክ አሰማኝ።

«ሰማሽ?» አለኝ እየሳቀ።

ስልኩን ዘጋሁበት። ሌላ እንድሠራለት ቢለምነኝም እምቢ አልኩ።

ሐጂ ቤቱን ልቀቂ አላሉኝም። እኔ ግን እሳቱ የነደደበትን ቦታ ላለመርገጥ በቤቱ ጀርባ እዞር ጀመር። አንድ ጠዋት አዩኝ።

«ልጄ፣ ጠፍቷል እኮ» አሉኝ።

«አውቃለሁ ሐጂ» አልኳቸው፤ በዚያው በጀርባ በኩል ሄድኩ።