በኖታው ጠርዝ ላይ «ጠብቅ»

ቦሁሚር በብርኖ ከተማ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለተኛ ቫዮሊን ተጫውቷል። ሚስቱ «እቤትም ሁለተኛ ነህ፤ አንደኛዋ ድመቷ ናት» ትለዋለች፤ እሱም አይከራከርም። ሁለተኛ ቫዮሊን እንደ ወጥ ጨው ነው፤ ሲኖር አመስጋኝ የለውም፣ ሲጠፋ ግን ገበታው ሁሉ ያጉረመርማል። ጭብጨባውን አንደኛ ቫዮሊን የሚጫወተው ያርሚል ይወስዳል፤ አበባውን ቪዮላ የምትጫወተው ሊቡሼ፤ ከኮንሰርት በኋላ የሚቀርበውን ጉላሽ የሚሉትን የሥጋ ወጥ ደግሞ ቼሎ ተጫዋቹ ኦታካር።

አራቱ አብረው መጫወት ሲጀምሩ ቃል ተገባብተው ነበር፦ የደከመ ሰው ማንም ሳይነግረው ራሱ ይውጣ። አይ ወጣትነት! በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ቃል መግባት ምን ይከብዳል?

ባለፈው ዓርብ፣ ስልሳ ስምንት ዓመት በሞላው ሳምንት፣ ቦሁሚር ኮንሰርት ላይ ተሳሳተ። የመጀመሪያውን ክፍል ከአናቱ ሊደግሙት ተስማምተው ሳለ ዘንግቶ ወደ ፊት ቀጠለ። ሦስቱ ዓይናቸውን እንኳ ሳያነሡ ድግግሙን ዘለው ተከተሉት። ከታዳሚው ያወቀ አልነበረም። እሱ ግን አወቀ።

ሰኞ ጠዋት ስንብቱን ሊናገር ከሁሉም ቀድሞ ወደ መለማመጃው ክፍል መጣ። ኖታዎቹ በየማስቀመጫቸው ተዘርግተዋል። የሊቡሼን ገለጥ ቢያደርግ በእርሳስ «እዚህ ቦሁሚርን ጠብቂ» ይላል። የኦታካርም እንደዚያው። የያርሚል ላይማ አምስት ቦታ ተጽፏል፤ ደብዝዞ ገና ድሮ የተጻፈ መሆኑ የሚያስታውቅም አለበት።

ያርሚል ሲገባ ቦሁሚር ወረቀቱን እንደያዘ ቆሟል።

«ለካ ተሸክማችሁኝ ነው የምትዞሩት!» አለ። «ቃላችንስ? ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ቃሉማ አትንገሩ ነው የሚለው» አለ ያርሚል ኮቱን እየሰቀለ።

«አትቀልድብኝ። ዛሬ እወጣለሁ።»

«ውጣ። መጀመሪያ ግን ይቺን እያት።»

ያርሚል ከቁም ሳጥኑ የቦሁሚርን አሮጌ ኖታ አውጥቶ ገለጠለት። በቢጫው ወረቀት ጠርዝ ላይ የቦሁሚር የራሱ የእጅ ጽሑፍ አለ፦ «ያርሚልን ጠብቅ»። በሚቀጥለው ገጽም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ የያርሚል ሚስት ሚላዳ በሞተችበት ክረምት የጻፈው ነው። ቦሁሚር ጨርሶ ረስቶት ኖሯል።

«ያን ጊዜ የቫዮሊኑ ደጋን ከእጄ ይወድቅ ነበር» አለ ያርሚል። «አንድ ቀን እንኳ ውጣ አላልከኝም። እስክመለስ ጠበቅኸኝ።»

«አንተማ ተመለስክ። እኔ አልመለስም። ይሄ እርጅና ነው።»

ያርሚል ቫዮሊኑን ከማኅደሩ አውጥቶ ተቀመጠ።

«እሱንማ እናውቃለን» አለ። «ታዲያ ቸኩለን የት ልንደርስ ነው?»

ሊቡሼና ኦታካር ባመለጣቸው ትራም እየተጨቃጨቁ ገቡ። ሁለቱን አይተው ጭቅጭቁን ተዉትና በየቦታቸው ተቀመጡ። ቦሁሚር ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ በኖታው ላይ በትልቁ «ድገም» ብሎ ጻፈ።

የሚደገመው ቦታ ላይ ሲደርሱ አራቱም አንድ ላይ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ።